የፀጉር ክኒን

በላቦራቶሪ ሥራ ብዙ ዓመት ስቆይ ሳላውቀው የያዘኝ አንድ ክፉ ልማድ ነበር። ሰው ሲናገር በግማሽ ጆሮ እሰማለሁ፤ ማሽን ሲናገር ግን ቆሜ አደምጣለሁ። ታካሚ "ደህና ነኝ፣ ምንም የሚያመኝ ነገር የለም" ሲለኝ በልቤ "እሱን ደምህ ይነግረናል" እላለሁ። ይህን ማንም አላስተማረኝም። የመጣብኝ ከፍቅር ነው፤ የምሠራበትን መሣሪያ እወደዋለሁ። ፍቅሬ ምን ያህል እንዳሳወረኝ የገባኝ የአክስቴን ልጅ ላልያዛት በሽታ ለወራት መድኃኒት ካስዋጥኳት በኋላ ነው።

መሣሪያውን ለማያውቅ ሰው ጥፋቴም አይገባውምና ስለ እሱ ትንሽ ላስረዳ። ደማችን ውስጥ የሚዘዋወሩት ሆርሞኖችና በሽታ ጠቋሚ ፕሮቲኖች መጠናቸው እጅግ ጥቂት ነው። እንደ ስኳር በቀላሉ ተለክተው የሚገኙ አይደሉም። ችግሩን መጀመሪያ የፈቱት ኒው ዮርክ፣ ብሮንክስ በሚገኝ የቀድሞ ወታደሮች ሆስፒታል ይሠሩ የነበሩት ሮዛሊን ያሎውና ሰለሞን በርሰን ናቸው (የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። በ1950ዎቹ መጨረሻ ኢንሱሊንን ለመለካት ፀረ እንግዳ አካልን ጨረር ከሚያመነጭ አዮዲን ጋር አቀናጅተው ተጠቀሙ። ያሎው በ1977 የኖቤል ሽልማት ተቀበሉበት፤ በርሰን ግን በ1972 ስላረፉ ያን ቀን አላዩም። ተማሪ ሳለሁ ይህን ታሪክ ሳነብ እንባ ይተናነቀኝ ነበር።

ጨረር ግን አስቸጋሪ ነገር ነው። ማከማቸቱም፣ መያዙም፣ መጣሉም አደጋ አለው፤ ኃይሉም በየቀኑ እየከሰመ ይሄዳል። ስለዚህ ሳይንቲስቶቹ በጨረሩ ምትክ ብርሃን የሚሰጥ ኬሚካል መፈለግ ጀመሩ። ሉሚኖል የተባለው ንጥረ ነገር ሰማያዊ ብርሃን እንደሚሰጥ ከ1928 ጀምሮ በጽሑፍ ይታወቅ ነበር፤ ፖሊሶች ወንጀል የተፈጸመበት ቦታ የታጠበ ደም የሚፈልጉበት እሱ ነው። በ1972 ደግሞ ቴክሳስ ውስጥ አለን ባርድና ባልደረባቸው ሩቴኒየም የተባለውን ብረት የያዘ ውሁድ በኤሌክትሪክ ብርሃን እንዲሰጥ ማድረግ እንደሚቻል አሳዩ። ዛሬ በየሆስፒታሉ ከምናያቸው የሆርሞን መመርመሪያ ማሽኖች ብዙዎቹ የነዚህ ሥራዎች ልጆች ናቸው።

እኔ የምሠራበት ማሽን በሩቴኒየም የሚሠራው ነው። የታይሮይድ ምርመራን እንውሰድ። ቲ ኤስ ኤች የሚባለው ሆርሞን ከአንጎል ሥር ካለች ትንሽ ዕጢ ወጥቶ አንገታችን ላይ ያለውን የታይሮይድ ዕጢ "ሥራ" ብሎ የሚያዝ ነው። ታይሮይድ ከልክ በላይ ሲሠራ አዛዡ ዝም ይላል፤ ቲ ኤስ ኤች ይወርዳል፣ ታይሮይዱ የሚያመርተው ቲ ፎር ይወጣል። ቲ ኤስ ኤችን ለመለካት ማሽኑ ናሙናው ውስጥ ሁለት ዓይነት ፀረ እንግዳ አካላት ይጨምራል፤ ሆርሞኑን ከግራና ከቀኝ ይይዙታል። አንደኛው ባዮቲን የተባለ ቫይታሚን ተለጥፎበታል፤ ሌላው ሩቴኒየሙን ተሸክሟል። ቀጥሎ ማግኔት የሚስባቸው ደቃቅ ዶቃዎች ይገባሉ። ላያቸው ስትሬፕታቪዲን በሚባል ፕሮቲን የተሸፈነ ነው፤ ይህ ፕሮቲን ባዮቲንን አንዴ ከያዘ አይለቅም፤ በተፈጥሮ ከሚታወቁት ጥብቅ ትስስሮች አንዱ የሁለቱ ነው። ማግኔቱ ዶቃዎቹን ይሰበስባል፣ ያልተያያዘው ሁሉ ታጥቦ ይወጣል፣ ኤሌክትሪክ ይለቀቃል፣ ሩቴኒየሙ ወደ ቀይ የሚያደላ ብርቱካናማ ብርሃን ይሰጣል። ብርሃኑ በበዛ ቁጥር ሆርሞኑ በዝቷል ማለት ነው። ሥራው ሁሉ 18 ደቂቃ ይፈጃል።

ቲ ፎር ግን በጣም ትንሽ ስለሆነ በሁለት ወገን አይያዝም። እሱ የሚለካው በሽሚያ ነው፤ የታካሚው ቲ ፎርና ባዮቲን የተለጠፈበት ቲ ፎር ለአንድ ቦታ ይሻማሉ። እዚህ ነገሩ ይገለበጣል፤ ብርሃኑ ባነሰ ቁጥር ሆርሞኑ በዝቷል ተብሎ ይነበባል። አንባቢዬ ይህችን መገለባበጥ ይያዝልኝ፤ ጥፋቴ በሙሉ በእሷ ውስጥ ያለፈ ነው።

የአክስቴ ልጅና እኔ ያደግነው አንድ ግቢ ውስጥ ነው። በዕድሜ ስለምበልጣት "ወንድም ጋሼ" ትለኛለች፤ እኔም እህቴ እላታለሁ። የመጀመሪያ ልጇን ከወለደች ጥቂት ወራት በኋላ ፀጉሯ ይረግፍ ጀመር። ከወሊድ በኋላ ብዙ ሴቶች ላይ የሚደርስ፣ አብዛኛውን ጊዜም በራሱ የሚመለስ ነገር ነው። ግን ማበጠሪያው ላይ ጭብጥ ሙሉ ፀጉር ለምታይ ሴት ይህን መንገር ብዙም አያጽናናትም። አሜሪካ ያለችው የባሏ እህት ለፀጉር የሚሆን ቫይታሚን በመንገደኛ ላከችላት። እኔ ይህን አላውቅም ነበር፤ አልጠየቅኳትማ።

እኔ ያየሁት ድካሟን ነው። ሕፃኑ ሌሊት አያስተኛትም፤ ቀን ደግሞ ቤቱ አለ። አንድ እሑድ ቡና ላይ አየኋትና "ታይሮይድሽን እንየው" አልኳት። በቅንነት ነበር። የሙያ ሰው ቤተሰብ ውስጥ መኖሩ ለዚህ አይደል? ጠዋት ቁርሷን በልታ፣ ክኒኗን ውጣ፣ ሕፃኑን አዝላ መጣች፤ ደሟን ራሴ ቀዳሁ። ቲ ኤስ ኤቹ እጅግ ወርዷል፤ ቲ ፎሩ ከወሰኑ በላይ ወጥቷል። መጽሐፍ ላይ እንደተጻፈው ያለ የታይሮይድ መብዛት ነበር።

ደነገጥኩ፤ ግን ከድንጋጤው ሥር ሌላ ስሜት እንደነበረ ዛሬ አልክድም። "አገኘሁላት" የሚል ኩራት ነበር። ለጥንቃቄ ብዬ በሌላ ቀን ደግሜ ቀዳኋት፤ ያው ሆነ። ኮንትሮሉ (መጠኑ አስቀድሞ የታወቀው መፈተሻ ፈሳሽ) አልፏል፣ ካሊብሬሽኑ (የማሽኑ ልኬት) ትክክል ነው፣ ሪኤጀንቱ (የምርመራው ኬሚካል) ጊዜው አላለፈበትም። ከዚህ በኋላ ጥርጣሬ የሚባል ነገር በአጠገቤ አላለፈም።

መጀመሪያ ያዩዋት ሐኪም በዕድሜ የገፉ፣ ንግግራቸው ዝግ ያለ ሰው ናቸው። የልብ ምቷን ቆጠሩ፤ ደህና ነው። እጇን ዘርግታ እንድትይዝ ነገሯት፤ አይንቀጠቀጥም። አንገቷን ዳሰሱ፣ ዓይኗን አዩ፤ ሙቀት ይከብድሻል ወይ፣ ክብደት ቀንሰሻል ወይ ብለው ጠየቋት። ከዚያ ወረቀቴን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠው "ይህች ልጅ በሽተኛ አትመስለኝም፤ ትንሽ ቆይተን እንድገመው" አሉ። እኔ ግን "ዶክተር፣ ደግሜ ሠርቼዋለሁ" አልኳቸው። አልተከራከሩኝም፤ ሐሳባቸውንም አልቀየሩም። ስንወጣ እሷ መንገድ ላይ "ወንድም ጋሼ፣ እኔ እኮ አልታመምኩም፤ ልጁ ስለማያስተኛኝ ነው የደከመኝ" አለችኝ። "ደምሽ ሌላ ነገር ነው የሚለው" ብዬ መለስኩላት። ይህችን ዓረፍተ ነገር ስንት ሰው ፊት በኩራት ተናግሬያታለሁ!

ሌላ ሐኪም ዘንድ ወሰድኳት። ያውቀኛል፤ ሥራዬን ያከብራል። ውጤቱን አይቶ ፒ ቲ ዩ የሚባለውን የታይሮይድ ማብረጃ ጻፈላት። በእሱ አልፈርድም፤ ያመነው እኔን ነው። ፒ ቲ ዩ ቀላል መድኃኒት አይደለም፤ ጉበት ሊጎዳ እንደሚችል የአሜሪካው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር በ2010 ከፍተኛውን ማስጠንቀቂያ አስጽፎበታል። ለታመመ ሰው ጥቅሙ ያመዝናል። እሷ ግን አልታመመችም ነበር።

ከሳምንታት በኋላ ቤቷ ስሄድ በቀትር ጋቢ ለብሳ አገኘኋት። ፊቷ አበጥ አበጥ ብሏል። ድምፅዋ ሻክሯል፤ ስትናገር ቃላቱን ከሩቅ እንደምታመጣቸው ትዘገያለች። ሆዷ ደርቋል። አክስቴ ሕፃኑን ታቅፋ ወደ ጓዳ ጠራችኝና "ልጄ፣ እንዲህ ያደረጋት በሽታው ነው መድኃኒቱ?" አለችኝ። አክስቴ ፊደል አልቆጠረችም። ግን የጠየቀችው ጥያቄ አንድ ጎበዝ የሕክምና ተማሪ ሊጠይቀው የሚገባው ጥያቄ ነበር። ታይሮይድ ሲበዛ ሰውነት ይሞቃል፣ ልብ ይጣደፋል፣ ሥጋ ያልቃል፤ ታይሮይድ ሲያንስ ሰው ይበርደዋል፣ ይዘገያል፣ ያብጣል። ይህን ትምህርት ቤት ተፈትኜ አልፌበታለሁ። ከፊቴ የተቀመጠችው ታይሮይዷ ያነሰ ሴት ነበረች። እኔ ግን "መድኃኒቱ ገና አልያዘላትም፤ ደሟን እንደገና እናያለን" አልኩ።

እንደገና አየን። ቲ ፎሩ አሁንም ከፍ እንዳለ ነው። ወረቀቱን በእጄ ይዤ ለሐኪሙ አደረስኩ፤ የመድኃኒቱ መጠን ተጨመረ። በዚህ ታሪክ ውስጥ ሌሊት እንቅልፍ የሚነሳኝ ቦታ ይህ ነው። ከመጀመሪያው ስህተት ይልቅ ይህኛው ይከብደኛል፤ መጀመሪያ ያልታየኝ ነበር፣ በዚህ ጊዜ ግን እያየሁ ነው ያለፍኩት። ዓይኔ ሴትየዋን ያያል፣ ጆሮዬ አክስቴን ይሰማል፣ እጄ ግን ወረቀቱን ይከተላል።

ያወጣን የመጀመሪያው ሐኪም ጥርጣሬ ነው። አክስቴ እኔን ሳታማክር ልጇን ይዛ ወደ እሳቸው ተመለሰች። እሳቸውም ደሟን በሌላ ዓይነት ዘዴ ወደሚሠራ ላቦራቶሪ ላኩት። ውጤቱ የእኔን ወረቀት ገልብጦ እንደጻፈ ያለ ነበር፤ ቲ ኤስ ኤቹ እጅግ ከፍ ብሏል፣ ቲ ፎሩ ወርዷል። ሲነገረኝ ያደረግሁትን ልንገራችሁ፤ ተናደድኩ። "የነሱ ማሽን ነው የተበላሸው" አልኩ። ከሰዓት በኋላውን ሙሉ የራሴን ማሽን ሳጥብ፣ ኮንትሮል ስደግም፣ ትክክለኛነቱን በወረቀት ላይ ስሰበስብ ዋልኩ። ማስረጃ የምሰበስበው ለእህቴ መዳን አልነበረም፤ ለስሜ ነበር።

አብራን የምትሠራ፣ ከተመረቀች ብዙም ያልቆየች ልጅ ሁኔታዬን ስታይ ቆይታ በትሕትና "ይቅርታ፣ ቫይታሚን ምናምን ትወስዳለች እንዴ?" አለችኝ። መልስ አልነበረኝም። ይህን ያህል ጊዜ ደሟን ስቀዳ ምን እንደምትወስድ አላውቅም ነበር። መድኃኒት ትወስጂያለሽ ወይ ብዬ ጠይቄያት ነበር፤ የለም ብላኛለች፤ አልዋሸችም። እሷ ዘንድ መድኃኒት ማለት የታመመ ሰው የሚውጠው ነው፤ ይህ ግን ለፀጉር ነው።

ማታውኑ ቤቷ ሄድኩ። "ለፀጉር የምትወስጂው ነገር አለ?" ስላት እየሳቀች ከመስኮቱ ደፍ ላይ አነሳችና ሰጠችኝ። ዕቃው ላይ ባዮቲን፣ 10,000 ማይክሮ ግራም ይላል። አንድ አዋቂ ሰው በቀን የሚበቃው 30 ማይክሮ ግራም አካባቢ ነው። በየጠዋቱ ከሻይ ጋር ከሚበቃት ከ300 እጥፍ በላይ ስትወስድ ነበር፤ እኔም ሁልጊዜ ደሟን የምቀዳው ጠዋት፣ ክኒኑን ከዋጠች በኋላ፣ ባዮቲኑ ደሟ ውስጥ በሞላበት ሰዓት ነበር።

በማግስቱ ከሪኤጀንቱ ካርቶን ውስጥ የሚወጣውን የታጠፈ ወረቀት አነበብኩት። ጽሑፉ ደቃቅ ነው፤ ግን ግልጽ ነው። በቀን ከ5 ሚሊ ግራም በላይ ባዮቲን ከሚወስድ ሰው፣ መጨረሻ ከወሰደበት ቢያንስ 8 ሰዓት ሳያልፍ ናሙና አይወሰድ ይላል። እሷ የምትወስደው 10 ሚሊ ግራም ነበር። ያ ወረቀት በእያንዳንዱ ካርቶን ውስጥ እየመጣ እኔ ከነካርቶኑ ስጥለው ኖሬያለሁ።

የሆነው እንዲህ ነው። ዶቃዎቹ ላይ ያለው ስትሬፕታቪዲን የተዘጋጀው የማሽኑን ባዮቲን ለመያዝ ነው። የእሷ ደም ግን ከክኒኑ በመጣ ልቅ ባዮቲን ተሞልቷል። ሰርግ ቤት ጥሪ ያልደረሰው ሰው ቀድሞ ገብቶ ወንበሩን ሁሉ ሲይዝ የተጠሩት በር ላይ ቆመው እንደሚቀሩት፣ ልቅ ባዮቲኑ ዶቃዎቹን ቀድሞ ያዛቸው። ሩቴኒየም የተሸከሙት ጥንዶች መቀመጫ አጥተው ከእጥበቱ ጋር ሄዱ። ብርሃኑ ደከመ። በቲ ኤስ ኤች ምርመራ የደከመ ብርሃን "ሆርሞኑ አንሷል" ተብሎ ይነበባል፤ በቲ ፎር ደግሞ "ሆርሞኑ በዝቷል" ተብሎ። አንዱ ጥፋት ሁለቱን ቁጥር በተቃራኒ አቅጣጫ ገፋቸውና ተደጋግፈው አንድ የታወቀ በሽታ መልክ ሠሩ። እኔን የደለለኝ ይህ መደጋገፍ ነው። ሁለት ምስክር አንድ ነገር ሲናገር ማን ይጠራጠራል? ምስክሮቹን አንድ ሰው እንዳስጠናቸው ግን አላወቅሁም።

መድገሜም ምንም አልጠቀመም። አንድን ሰው በአንድ ማሽን፣ በአንድ ሰዓት፣ ከአንድ ክኒን በኋላ ብደጋግም የማገኘው ያንኑ ስህተት ነው። ኮንትሮሉም ያለፈው እውነቱን ነው፤ የኮንትሮሉ ፈሳሽ ውስጥ የእሷ ባዮቲን የለም። ማሽኑ በዚያ ሁሉ ጊዜ አልተበላሸም። የጠየቅሁትን መልሶልኛል፤ ዶቃዎቹ ላይ ትንሽ ሩቴኒየም ነው ያለው ብሎ ነግሮኛል። "ታማለች" ያልኩት እኔ ነኝ።

ከዚያ ወዲያ ስለዚህ ጉዳይ የተጻፈውን ማንበብ ጀመርኩ፤ ባነበብኩ ቁጥርም አፈርኩ። በ2016 አንድ ታዋቂ የሕክምና መጽሔት ላይ የጀርመን ሐኪሞች ስለ ስድስት ሕፃናት ጽፈዋል። ልጆቹ በውርስ ለመጣ በሽታ ከፍተኛ ባዮቲን ይወስዱ ነበር፤ የደም ምርመራቸው ግሬቭስ የሚባለውን የታይሮይድ በሽታ ይመስል ነበር፤ በሽታው የሚለይበት የፀረ እንግዳ አካል ምርመራ እንኳ ሳይቀር በሽታው አለ ይል ነበር። በ2017 የሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ስድስት ጤነኛ ሰዎችን ለአንድ ሳምንት በቀን 10 ሚሊ ግራም ባዮቲን አስወስደው ምርመራዎቻቸው እንዴት እንደሚዛቡ አሳይተዋል። ያቺው የእህቴ መጠን! በዚያው ዓመት ኅዳር ወር ላይ የአሜሪካው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር ማስጠንቀቂያ አወጣ፤ የልብ ጡንቻ መጎዳትን በሚያሳየው በትሮፖኒን ምርመራ ላይ በባዮቲን ምክንያት በሐሰት ዝቅ ያለ ውጤት የወጣላቸው አንድ ታካሚ መሞታቸው እንደተነገረው ጨምሮ ገለጸ። የተደበቀ ነገር አልነበረም። የእህቴ ደም ማሽኔ ውስጥ ሲገባ ይህ ሁሉ ተጽፎ ያለቀ ነበር።

ሐኪሙ ፒ ቲ ዩውን አቆሙላት፤ ባዮቲኑንም ተወች። ሳምንታት አለፉና ሙቀቷ፣ ድምፅዋ፣ ፍጥነቷ ተመለሰ፤ ውጤቷም ተስተካከለ። ፀጉሯም ያለ ክኒን መጣ። እሷ ይቅር ያለችኝ ወዲያው ነው፤ "ለእኔ ብለህ አይደል" አለችኝ። ይህ አባባሏ ይበልጥ ይወጋኛል፤ ለእሷ ብዬ የጀመርኩት ነገር መሀል መንገድ ላይ ለራሴ እንደሆነ እሷ አታውቅም ነበርና። ቆይቼ ነገርኳት። አክስቴ ግን ቶሎ አልተመለሰችልኝም። በበዓል ስሄድ ታስተናግደኛለች፤ ጉንጬን ትስማለች፤ ግን ስለ ሕመም በፊቴ አታወራም ነበር። ልክ ነች። አንዴ እናቷ ሆና የነገረችኝን ሳልሰማ ቀርቻለሁ፤ ለምን ደግማ ትነግረኛለች?

ብዙ ጊዜ ስለዚህ አስባለሁ። እኛ ዘንድ ማኅተም ያለበት ወረቀት ሲመጣ በቤት ውስጥ ያለው እውቀት ሁሉ ይቀመጣል። እናት ልጇን ታውቀዋለች፤ ግን ካርዱ ላይ ያለው ውጤት ሌላ ካለ ዝም ትላለች። ታካሚ ገላውን ያውቀዋል፤ ግን ነጭ ጋዎን የለበሰ ሰው ሌላ ካለው ራሱን ይጠራጠራል። እኔ ያ ጋዎን የለበስኩት ሰው ነኝና ዝምታቸውን እንደ ስምምነት ቆጠርኩት። እህቴ አልታመምኩም ያለችኝ እውነቷን ነበር። ያ ቃል በእጄ ከነበሩት ማስረጃዎች ሁሉ ባዮቲን ያልነካው አንዱ ማስረጃ ነበር።

ማሽኑን ዛሬም እወደዋለሁ። በጉበት ቫይረስ የተያዘ ደም ለሌላ ሰው እንዳይሰጥ የሚለየው፣ ደረቱን ይዞ የመጣውን ሰው ልቡ መጎዳቱን የሚነግረን እንዲህ ያለ ብርሃን ነው። አምራቾችም ከዚያ ወዲህ ብዙዎቹን ምርመራዎች አሻሽለዋቸዋል፤ አዳዲሶቹ ከቀድሞዎቹ እጅግ የበዛ ባዮቲን ይቋቋማሉ። ግን ሁሉም ምርመራ፣ ሁሉም ቦታ አልተቀየረም፤ ባዮቲንም ብቸኛው ጣልቃ ገብ አይደለም። አንዳንድ ሰው ደም ውስጥ የማሽኑን ፀረ እንግዳ አካላት እርስ በርስ የሚያያይዙ ሌሎች ፀረ እንግዳ አካላት አሉ፤ የሌለውን ሆርሞን አለ ያስብላሉ። አሜሪካ ውስጥ በዚህ ምክንያት የሌለባቸውን የማሕፀን ካንሰር የታከሙ ሴቶች መኖራቸው በ2000 በሕክምና መጽሔት ታትሟል። ሆርሞኑ ራሱ ከመጠን በላይ ሲበዛም ሁለቱን ፀረ እንግዳ አካላት ለየብቻ ይይዝና ውጤቱ ዝቅ ብሎ ሊወጣ ይችላል።

አሁን ደም ከመቅዳቴ በፊት እጠይቃለሁ፤ አጠያየቄንም ቀይሬያለሁ። መድኃኒት ይወስዳሉ ወይ ብዬ አላቆምም። ለፀጉር፣ ለጥፍር፣ ለቆዳ የሚሆን ነገር አለ ወይ፣ ከውጭ የተላከልዎት ቫይታሚን አለ ወይ፣ ጂም የሚሠሩ ከሆነ የሚጠጡት ዱቄት አለ ወይ፣ ዛሬ ጠዋት ምን ወሰዱ እላለሁ። ወረፋ ይረዝማል፤ የሚቆጣኝም አለ። ግን ስንቱ ሰው ቦርሳውን ከፍቶ ብልቃጥ እንደሚያወጣ ብታዩ ትገረማላችሁ። የአሜሪካ የታይሮይድ ማኅበር የሚመክረው ከታይሮይድ ምርመራ በፊት ባዮቲን ቢያንስ ለ2 ቀን እንዲቆም ነው፤ እኔም ለፀጉር ብለው የሚወስዱትን ይህንኑ ነግሬ እመልሳቸዋለሁ። ሐኪም ለበሽታ ያዘዘላቸውን ግን በራሳቸው እንዳያቆሙ አጥብቄ እነግራቸዋለሁ፤ ያለ ባዮቲን መኖር የማይችሉ ልጆች አሉ።

ያልተፈታልኝ ያለፈው ነው። ከዚያ በፊት ከእጄ የወጡትን የታይሮይድ ውጤቶች መዝገቡን እያገላበጥኩ አይቻለሁ። ቲ ኤስ ኤቻቸው የወረደ፣ ቲ ፎራቸው የወጣ ሴቶች አሉ፤ አብዛኞቹ በእርግጥ የታመሙ ናቸው ብዬ አምናለሁ። መዝገቡ ላይ ዕድሜያቸውና ቁጥራቸው አለ፤ ጠዋት ምን እንደዋጡ የሚል ዓምድ የለም። ስልካቸውን ካገኘኋቸው ደውዬ ጠይቄያለሁ። የብዙዎቹ ስልክ አይሠራም።

ድንገተኛ ክፍል ያለው ነገር ደግሞ ከሁሉም ይብስብኛል። ደረቱን ያመመው ሰው ባዮቲኑ ከደሙ እስኪወጣ 2 ቀን አይጠብቅም። እዚያ ያለው አማራጭ አስቀድሞ መጠየቅና ለሐኪሙ መንገር ብቻ ነው፤ ሐኪሙ ሲያውቅ ቁጥሩን ብቻውን አያምነውም። ስለዚህ የምርመራ መጠየቂያው ቅጽ ላይ "ቫይታሚን ወይም ባዮቲን ይወስዳሉ?" የሚል አንዲት መስመር እንድትጨመር ጠይቄያለሁ። የታተመው ቅጽ ገና ብዙ ስላለ እሱ ሳያልቅ ሌላ አይታተምም ተባልኩ። እስከዚያው ድረስ ጠዋት ቀደም ብዬ እየገባሁ በእስክሪብቶ እጽፋታለሁ፤ ያቺ ወጣት ባልደረባዬም ግማሹን ትጽፍልኛለች።